ባሌን የነደፈችው ንብ

ሴት ዕድሜዋን ትደብቃለች የሚለውን ወሬ የጀመረው ወንድ መሆን አለበት። ሴቷማ ብትደብቅ በአፏ ነው፤ አንድ አሥር ዓመት ቀንሳ ትስቃለች፣ ሰሚውም አብሮ ይስቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወንድ ግን ዕድሜውን የሚደብቀው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በር ቆልፎ፣ ቧንቧ ከፍቶ ነው። ሲገባ ሽበታም ነበር፤ ሲወጣ ጢሙ ከሰል ሆኗል። "ምን ተቀባህ?" ብትሉት "ምን ተቀባሁ?" ብሎ መልሶ እናንተኑ ያፋጥጣችኋል። እናንተም ትዳር ነውና፣ ሰላም ይሻላልና፣ "እኔ እንጃ፣ ፊትህ ጠራ ያለ መሰለኝ" ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እኔና አላህ ነን የምናውቀው።

የሚገርመው ደግሞ የምንኖረው ሐርጌሳ መሆኑ ነው። እዚህ ሽበት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ሽማግሌው ጢሙን በሂና ያቀላና ብርቱካን አስመስሎ አደባባይ ይወጣል፤ መኪና ይቆምለታል፣ ወንበር ይለቀቅለታል፣ አፉን ሲከፍት ሰው ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለ ክብር በነጻ እየታደለ፣ አሻፈረኝ፣ ወጣት ልሁን የሚል ሰው ምን ይባላል? አብዱረህማን ይባላል። ባሌ ነው።

እኔ ዘይነባ ነኝ፤ የድሬዳዋ፣ የመጋላ ልጅ። እሱ ዘሩ ከዚሁ ከሐርጌሳ ይሁን እንጂ ያደገውም የተማረውም እኛው ዘንድ ነው፤ ከመጣን ስንት ዓመታችን፣ እስከ ዛሬ የምንጣላውም የምንታረቀውም በአማርኛ ነው። ጋአን ሊባህ ሰፈር ካለው ቤታችን እየተነሳ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ይሠራል። ያ ቢሮ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በልጆች ተሞላ። ላፕቶፕ በጀርባቸው አዝለው የሚመጡ፣ "ዴድላይን" ሲሉ እንጂ "ደከመኝ" ሲሉ የማይሰሙ ልጆች። አንድ ቀን ሚቲንግ ሊገቡ ሲሉ አንዷ፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ "አንክል፣ ደረጃው እንዳያደክምህ እኛ ወደ ታች እንውረድ" አለችው። ሰውዬው ቤት ሲመጣ ራት አልበላም። በማግስቱ ከገበያ አንዲት ትንሽ ፓኬት ጥቁር ዱቄት ይዞ ገባ።

"ምንድን ነው?" አልኩት። "ሂና ነው። ሱና ነው" አለኝ። ሱናን ካነሳ ደግሞ ማን ይከራከረዋል! የሸጠችለት ሂና ሻጯ ናት፤ የተበጠበጠው በሂና ሳህን ነው፤ ለዒድና ለሠርግ ሴቶቹ እጃቸው ላይ አበባ የሚያስሉበትም ይኸው ዱቄት ነው፤ ስሙ ራሱ ጥቁር ሂና ነው። ታዲያ ሂና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኔም አመንኩ። መጀመሪያ የተቀባ ጊዜ አገጩን በላው። "ሳሙናው ነው" አለ። ሳሙና ቀየርን። በሌላ ጊዜ ከጆሮው ሥር ቀላና ቅርፊት አወጣ። "የሐርጌሳ አቧራ ነው" አለ። አቧራ እንኳ መቀየር አልቻልንም። "ተው ይቅርብህ" ብዬ ብለምነውም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሆነብኝ። "ሲያጌጡ ይመላለጡ" የሚለው ተረት ለሴት የተተረተ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ለባሌ ኖሯል!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ ነገሩ የጢም ብቻ ቢሆን ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር።

ልጃችን ሙክታር ሆዳን የምትባል ልጅ ወደደ። ሆዳን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ዓይኗ የማይሸሽ፣ ስትናገር የማትቸኩል ልጅ ናት፤ እሷም ወዳዋለች። ሁለቱ ተስማምተዋል፣ እናቷ ኸዲጃም እኔም ተስማምተናል። የቀረን አንድ ሰው ነው፤ አባቷ ሐጂ ጃማ። ሐጂ ጃማ ደግሞ የላክናቸውን ሽማግሌዎች አንዴ አይደለም ሁለቴ መልሷል። (መልሷል ማለቴን እንዳትታዘቡኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንላትም፤ ንጉሥ ቢመጣም አንተ ነው የምንለው።)

መጀመሪያ የሄዱትን የመራው የባሌ የአጎት ልጅ ሐሰን ነው። ሐሰን ሐርጌሳ ተወልዶ ሐርጌሳ ያረጀ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ቅቤው በዛና "ልጃችን ጫት የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም" አለ። ሐጂ ጃማ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና "ባለፈው ዓርብ ጉንጩን ወጥሮ መንገድ ላይ ሰላም ያለኝ ልጅ ታዲያ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። አለቀ። ልብ አድርጉ፤ እዚህ አገር ዓርብ ከሰዓት ጫት መቃም ሚስት አያስከለክልም፤ ሐጂ ራሱም በጎረምሳነቱ የታወቀ ቃሚ ነበር አሉ። የቆረቆረው ውሸቱ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ሻይ እንኳ ሳይቀርብላቸው "እዚያ ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ነው፣ እኔ አላውቀውም፤ የሚያውቁት ደግሞ እውነቱን አይነግሩኝም" ብሎ አሰናበታቸው። ከዚያ ግን ሆዳን አልቅሳ ይሁን ኸዲጃ ተቆጥታ እንጃ፣ አንዲት በር ተወልን። "አባትየው ራሱ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ይምጣ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይመጣብኝ፤ ከበርበራ የመጣ ሌላ ጠያቂ አለ" አለ።

እንግዲህ የመጨረሻዋ ዕድል ናት። ሙክታር ምግብ ተወ። ልጄ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሰው ሲያናግረው የሚመልሰው ዘግይቶ ነው። እኔ ሱጁድ ላይ ወድቄ ዱዓ ያዝኩ። አብዱረህማንስ? አብዱረህማን ረቡዕ ከሥራ መልስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በር ቆለፈ።

ለልጁ ሲል ነው እኮ! የበርበራውን ሰው የሚያስንቅ፣ ጎልማሳና ሙሉ ሰው ሆኖ ሊቀርብ። ጠቆር እንዲልለትም ዱቄቱን ከወትሮው አበዛው። ሐሙስ አገጩን ሲያክ ዋለ። ዓርብ ጧት "ዘይነባ፣ ዛሬ ፀሐይ አልወጣችም እንዴ?" ብሎ ጠራኝ። ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። ዞር ብዬ ሳየው፣ ያ ረቢ! ከንፈሩ ተገልብጧል፣ ከጢሙ ሥር ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል፣ ዓይን የሚባል ነገር የለም። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ የሚምል ሰው ሞልቷል፤ መሐላው የደረሰበት ሰው ግን እኔ ቤት ተገኘ።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩት። "መጀመሪያ ልጁ፣ ከዚያ ፊቴ" አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንጀቴን በላውና ተውኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያ አብጦ ሳየው ከሠርጋችን ቀን ይልቅ ወደድኩት።

ሐሰንና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከጁምዓ መልስ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አንደኛው ቀጠሮው ይተላለፍ አለ። ሐሰን "ሐጂ ጃማ ቀጠሮ ያፈረሰን ሰው ዳግም አይቀበልም" አለ፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም። "እንግዲያው የሆነውን እንንገረዋ" አልኩ እኔ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ወጣት ልምሰል ሲል ፊቱን አቃጠለ ተብሎ ይነገራል? በዚያ ላይ ሼኮቹ "ጥቁሩን ተዉት፣ ሂናው ይበቃችኋል" እያሉ እንደሚመክሩ፣ ሐጂ ጃማም የፊተኛው ረድፍ ሰጋጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሐሰን ጉሮሮውን ጠረገ። "ንብ ነድፋው ነው እንላለን" አለ። ቤቱ እፎይ አለ። ባሌ እንኳ በተገለበጠ ከንፈሩ "ንብ ጥሩ ናት" አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

በወጉ ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም። እኔ ግን ሄድኩ፤ ፊቱ ያለውን መንገድ የማያይ ሰው እጁን የሚይዘው ያስፈልገዋላ! ወንዶቹ ሳሎን ሲገቡ እኔን ኸዲጃ በሴቶቹ በኩል ተቀበለችኝ። ሁለቱን ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ጨዋ እንግዳ ከመጋረጃው ራቅ ብላ ትቀመጣለች። እኔ ሥሩ ተቀመጥኩ።

ሆዳን የሻዩን ትሪ ልታቀብል መጋረጃውን ገለጥ አደረገች፤ ባሌን አየችው፤ ትሪውን አቀብላ ተመለሰችና አጠገቤ ቁጭ አለች። "ኤዶ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። "ጢሙን ምን ተቀብቶ ነው?"

"ንብ ናት" አልኩ። ምን ላድርግ!

"ኤዶ፣ ንብ የጢምን መስመር ተከትላ አትነድፍም።"

በውሸቴ ተያዝኩ። እሷ ግን አላፌዘችብኝም። ጥቁር ሂና የሚባለው ሂና አለመሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሂና ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ቀይ እንጂ ጥቁር ሰጥቶ አያውቅም። ጥቁሩ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ነው፤ ሰውነት አንዴ ከጠላው ደግሞ ጠላው ነው፣ በተነካ ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይለምደውም። ያ የመጀመሪያው ማሳከክ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኛ ሳሙና ቀየርንበት! ከየሠርጉ ማግስት እጃቸው ላይ ያሳሉት አበባ በውሃ ቋጠሮ የተተካባቸው ሴቶች ፋርማሲውን እንደሚሞሉት ነገረችኝ። ቀጥላም እጄን ያዘችና "አባቴ ይህን ፊት በደንብ ያውቀዋል። አደራ፣ ንብ እንዳይሉት" አለችኝ።

ቃሏን ሳትጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ ሐሰን ጀመረ። ንግግሩ በሶማልኛ ነው፤ ቅቤው ያው ነው። ወንድማችን ሕመሙን ሳይቆጥር መጣ፣ ንብ ነድፋው ነው፣ አላህ ይማረው፣ ምናምን።

"ንብ?" አለ ሐጂ ጃማ።

"ንብ።"

"የት?"

"ዳሚ ሰፈር በኩል ሲያልፍ" አለ ሐሰን።

"በዚህ በድርቅ ንብ ዳሚ ድረስ ምን ልትቀስም መጣች?"

ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ በወሬ አውቀዋለሁ፤ "ልጁ ታዲያ የማን ነው?" ከመባሉ በፊት የነበረው ጸጥታ ነው። ከዚህ ጸጥታ ወዲያ የበርበራው ሰው አለ። የልጄ ትዳር ባልተፈጠረች ንብ ክንፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ደሜ ፈላ። ገብቼ አልናገር፣ ሴት ነኝ። በሶማልኛ አልጮህ፣ ሁሉም ይሰማል። ግን አማርኛ አለ አይደል? በዚያ ቤት አማርኛ የምንሰማው እኔና ባሌ ብቻ ነን። ስለዚህ ለታመመ ባሏ የምትጨነቅ ሚስት ድምፅ አውጥቼ፣ በመጋረጃው በኩል እንዲህ አልኩት፤

"አንተ ሰውዬ! ንቧን ተዋትና ቀለም ተቀብቼ ነው በል! ይሄ ባለ ብርቱካን ጢም እንደ ሐሰን ሞኝ መሰለህ? ልጄን በውሸት ታስቀርብኝና፣ ዋ!"

ከዚያ ወደ ኸዲጃ ዞሬ "መድኃኒትህን እንዳትረሳ እያልኩት ነው" አልኳት በሶማልኛ። ኸዲጃ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሆዳን ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። ምን ሆኑ ብዬ ገና ሳስብ የሐጂ ጃማ ድምፅ መጣ። በአማርኛ።

"እናቴ፣ ሞኝ አለመሆኔን ስለመሰከርሽልኝ አላህ ይስጥልኝ።"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ለካስ ሰውዬው በስደቱ ዘመን ጅግጅጋ ከርሟል፤ ከዚያም ስንት ዓመት አዲስ አበባ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። ይህቺ ስህተት ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለችም፤ ከዚያ የመጣን ሁላችን የምንሠራት ናት። አማርኛን እንደ ግል ጓዳችን ቆልፈን የያዝናት ይመስለናል። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን ከአፍንጫው እስከ አነዳዱ ስናማ ቆይተን ስንወርድ "ደህና ዋሉ" ያልተባለ ማን አለ? በዚህ ከተማ ጢሙ የቀላ ሰው ሁሉ አንድ ሰሞን የእኛን ውሃ ጠጥቷል። ይህን እያወቅኩ ጮህኩ።

የባሌን ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው በሶማልኛ ነው የተናገረው።

"ሐጂ፣ ሚስቴ እውነቷን ነው። ንብ የለችም። ፊትህ ስቀርብ ጎልማሳ ልምሰል ብዬ ጢሜን አጠቆርኩ፣ እንዲህም አደረገኝ። ልጄም ዓርብ ዓርብ ይቅማል። ጧት ካልቀሰቀሱት አይነሳም። ሥራውን ግን አይበድልም፣ እናቱን ያከብራል፣ ልጅህን ይወዳል። ያለኝ ይኸው ነው።"

ሆዳን ዓይኗን ጨፈነች። ሐጂ ጃማ ከመቀመጫው ሲነሳ ምንጣፉ ላይ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። ከእንግዲህ ጨዋነት ምን ሊረባኝ ብዬ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። ሰውዬው ባሌ ፊት በርከክ ብሎ የባሌን እጅ ያዘና በገዛ ብርቱካን ጢሙ ውስጥ አገጩ ላይ አስቀመጠው።

"ዳስሰው" አለው። "ሻካራውን አገኘኸው? እኔም ጥቁሩን ቀብቻለሁ። ሆስፒታል ነው ያደርኩት። ይህቺው ልጄ ናት ቅባት እየቀባች ያዳነችኝ። የተቀባሁት ቀለም መሆኑን ከቤተሰቤ በቀር እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ለጎረቤቱ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?" ዞሮ ሐሰንን አየው። "ንብ ናት አልኩ!"

መጀመሪያ የሳቀው ባሌ ነው፤ በዚያ ከንፈር መሳቁ ሕመም ነበር፣ "ወይኔ፣ ወይኔ" እያለ ሳቀ። ሐጂ ጃማ ሳቀ። ሐሰን ዘግይቶ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ጃማ "ስለ ገዛ ጢሙ እውነቱን የነገረኝ ሰው ስለ ልጁ አይዋሸኝም። አንተ ከእኔ ተሻልክ። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ፋቲሓ ቅሩ" አለ።

ኸዲጃ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም አቀለጥኩት፤ ሰፈሩ ይስማ፣ በርበራም ይስማ! ማልቀሴን ያወቅኩት ሆዳን እንባዬን ስትጠርግልኝ ነው። ምራቴ ከሆነች በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ደግሞ "ኤዶ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት" የሚል ነበር። ሄድን። ሐኪሙ መርፌ ወጋው፣ እንክብል ሰጠው፣ ጥቁሩን ቀለም ጸጉርህንም እጅህንም ሁለተኛ እንዳታስነካ፣ ጉሮሮህን ቢያፍንህ ኖሮ እዚህም ባልደረስክ ብሎ ተቆጣው። ቆዳው ተልጦ አዲስ እስኪተካ ብዙ ቆየ፤ ማሳከኩ ግን ቶሎ ለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ የማስበው አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር አንድ ወጣት ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ አባቱ ማን፣ አያቱ ማን፣ የአያቱ አያት ማን ተብሎ እስከ ላይ ይቆጠራል። እኛም ዘንድ ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሚስት አይሰጥም። ፊታችን ላይ የምንለጥፈውን ግን አባትህ ማን ነው ብለን ጠይቀነው አናውቅም። መዓዛው ካማረ፣ ጎረቤት ከተቀባው፣ ስሙ ከአንድ ቅጠል ስም ከተጠጋ ይበቃናል፤ ከቆዳችን ጋር እናጋባዋለን። ፍቺው ነው የሚከብደው።

ሽምግልናው በድል አለቀ፤ ነገር ግን ሌላ መዘዝ መጣ። ሁለቱ አባቶች ወዳጅ ሆኑ። ወዳጅ ሲሆኑ ደግሞ የሠርጉን ቀን እያነሱ መጣል ጀመሩ። አንዱ ወንድሜ ከውጭ ይምጣ ይላል፣ ሌላው የቢሮዬ በጀት ይዘጋ ይላል፤ ከረመዳን በኋላ፣ ከሐጅ በኋላ፣ ከዝናቡ በኋላ። እኛ ሴቶቹም ሁለቱ ልጆችም የምንፈልገው ከረመዳን በፊት ነው። ግን ማን ያስወራናል! ሁለቱ ከተቀመጡ ቃል ጣልቃ ማስገቢያ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ሆዳን ደረቅ የሂና ቅጠል እቤት ራሷ ፈጭታ አመጣች። መጀመሪያ የባሌ ክንድ ላይ ትንሽ ቀባችና ቀናት ጠበቀች፤ ምንም አላለውም። ከዚያ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ አገጫቸውን እስከ ከንፈራቸው ድረስ በጭቃው ለሰነችላቸው። ባሌ ሽማግሌነቱን ተቀብሎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ደግሞም አምሮበታል። ሆዳን ሥራዋን ስትጨርስ "እስኪደርቅ አፋችሁን እንዳትከፍቱ፤ ከተሰነጠቀ ነጭ ሸሚዛችሁ ላይ ይወርዳል" ብላ አስጠነቀቀች።

እኔና ኸዲጃ ተያየን።

"ሠርጉ ከረመዳን በፊት ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። "የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።"

አራት ዓይን ፈጠጠብኝ። ሐጂ ጃማ ጣቱን አነሳ፤ ኸዲጃ "ተው፣ ይፈስብሃል" አለችው፤ ጣቱን መለሰ። ባሌ ከአፍንጫው አንዳች ነገር አሰማ፤ ትርጉም ስለሌለው አለፍነው። ልጃገረድ ስለ ጋብቻዋ ተጠይቃ ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታ ነው ይላሉ ሼኮቹ። ለልጃገረድ የሠራ ሕግ ለሁለት ሽማግሌ የማይሠራበት ምክንያት ስላልታየን፣ ሂናው ሳይደርቅ የሠርጉን ቀን ቆርጠን፣ አዳራሹን ይዘን፣ ዘመድ ሁሉ ጋ ደውለን ጨረስን። ሙክታርና ሆዳን ከረመዳን በፊት ተጋቡ።